ነጥብ ሳይመርጥልን፦ ሁለት ቀን በአሰላ

ልጅዎ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ከሆነ ቤትዎ ውስጥ ያለውን አየር አውቀዋለሁ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፣ እንግዳ ሲመጣ ሹክሹክታ ይበዛል፣ እራት ላይ ደግሞ ማንም ሊያነሳው የማይፈልገው ጥያቄ ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርባል፦ «ለመሆኑ ምን ልታጠኚ ነው?» በእህቴ ቤት ይህ ጥያቄ ከጥቅምት ጀምሮ ሰላም ነሥቶ ነበር። አባት ሕክምና ይላል። ልጅ ሜካትሮኒክስ ትላለች። እህቴ ሁለቱንም «በቃችሁ» ትላለች። እኔ ደግሞ አስታርቂ ተብዬ ተጠራሁ።

ሽምግልናው የተካሄደው ግን ሳሎን ውስጥ አልነበረም። የእህቴ ባል የአሰላ ልጅ ነው፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቅዳሜ እናቱን ሊጠይቅ ሲነሣ ልጅቷንና እኔን ጫነን። የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ለማስማማት መኪና ጥሩ ቦታ ነው፤ በር ዘግቶ የሚወጣ የለም።

እርስዎም ይህን ጉዞ ቢያስቡት አይጸጸቱም። ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ይነጉዳሉ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፈው አዋሽን ይሻገራሉ። ዴራ አካባቢ ግራር፣ አቧራና ሙቀት ነው፤ ሹራብዎን ያወልቃሉ። ኢተያን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ግን አየሩ ይለወጣል፣ መስኮት ይዘጋል፣ የወለቀው ሹራብ ተመልሶ ይለበሳል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጭላሎ ተራራ ተቀምጧል። በታኅሣሥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ሁሉ ስንዴ ነው፤ ግማሹ ወርቅ መስሎ ቆሟል፣ ግማሹ ታጭዶ ገለባው ቀርቷል።

አባት ክርክሩን ገና አዳማ ሳንደርስ ጀመረው። ክርክሩም ባዶ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወስን፣ ዩኒቨርሲቲዎች መሐንዲስ በገፍ ማስመረቅ ጀመሩ። ፋብሪካው ግን በዚያ ፍጥነት አልተተከለም። «የአጎቴ ልጅ በምህንድስና ተመርቆ ዛሬ ሜትር ታክሲ ይነዳል» አለ መሪውን እየመታ። «ሐኪም ሥራ ፈትቶ አይቀርም። ለመሆኑ ‹ሜካትሮኒክስ እፈልጋለሁ› ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ መሥሪያ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ መልስ ነበራት፤ ሮቦት፣ ድሮን፣ የኤሌክትሪክ መኪና እያለች ዘረዘረች። እኔ ዝም አልኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስም ዕቃን እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። «ሜካትሮኒክስ» ደግሞ የሚሸጥ ስም ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠሩት ያስካዋ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ቴትሱሮ ሞሪ ናቸው፤ «መካኒክስ»ንና «ኤሌክትሮኒክስ»ን ቆርጠው ቀጠሏቸው። ኩባንያው መጀመሪያ እንደ ንግድ ምልክት አስመዝግቦት ነበር፤ በኋላ ነው ለዓለም የለቀቀው። እንግዲህ ልጅቷ የወደደችው ስሙን ነው ወይስ ሥራውን? ያንን የሚያሳየን ነገር አሰላ ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

አያትየዋን ልጆቹ ሁሉ «አኮ» ይሏቸዋል፤ በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው። ስንደርስ ጭኮ ቀረበልን። ጭኮን ካልቀመሱት፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም በነጠረ ቅቤ የተለወሰ ነው፤ አርሲ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለእንግዳ ክብር አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለት ማንኪያ ከበሉ ምሳ አይታሰብም።

አኮ ለገና ጠላ ብቅል እያዘጋጁ ነበር። ገብሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ተጠፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል። በየመሐሉ እጃቸውን ከቅጠሉ ሥር ይከትታሉ። ከሞቀ ገለጥ ያደርጉታል፤ ከደረቀ ውሃ ይረጩታል፤ ሥሩ ከተጠላለፈ ያገላብጡታል። ሦስት ቀን ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተንበርክካ «አኮ፣ መሙቁን በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

«በእጄ ነዋ! እጅ ምን ይሠራል ታዲያ?»

እኔ ሜካትሮኒክስ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ብሮሹር አይደለም። አሰላ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ የብቅል ፋብሪካ አለ፤ ለቢራ ጠማቂዎች የሚያቀርበው ብቅል በመሠረቱ የአኮን ሥራ ይከተላል፦ መዘፍዘፍ፣ ማብቀል፣ ማድረቅ። ልዩነቱ መጠኑ ነው። አንድ ጀበና ውሃ የሚያህለውን በእጅ ማወቅ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ በብዙ ቶን የሚቆጠር ገብስ ሲሆን ግን የማንም እጅ አይደርስበትም። ስለዚህ ዘመናዊ የብቅል ፋብሪካ ውስጥ የእጃቸውን ቦታ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ይይዛል። «ሞቋል፣ ይገለጥ» የሚለውን ሐሳብ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ይወስናል። መግለጡንና ማገላበጡን ደግሞ ማራገቢያና ሞተር ይፈጽማሉ። መሰማት፣ መወሰን፣ መንቀሳቀስ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ማሽን ላይ አስማምቶ መሥራት ነው ትምህርቱ። ሮቦት ከዚህ ሁሉ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ይህን ለአባት ብነግረው ሳቀ፤ «እናቴ ያለ ዲግሪ ሜካትሮኒክስ ናቸው በለኛ!» አለኝ። አኮ ግን አልሳቁም። «ማሽን መጣ ሲባል መጀመሪያ ማን እንደሚወጣ ጠይቁ» አሉ ቅጠሉን እየሸፈኑ።

ንግግራቸው ታሪክ ነበረው። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት «ካዱ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፣ ምርት ጨመረ። እርሻ ትርፋማ ሲሆን ግን ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኛውም ከኖረበት መሬት ተነቀለ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ለጭላሎ ጭሰኛ ትራክተር ማለት ጓዝ መሸከፍ ማለት ነበር። አኮ ያኔ ልጃገረድ ነበሩ። ማሽኑን አይረግሙትም፤ ዛሬ የታናሽ ልጃቸውም ስንዴ የሚታጨደው በኮምባይነር ነው። ግን ማን እንደወጣ ያስታውሳሉ። የምህንድስና ትምህርት የሚመርጥ ወጣት ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ቢሰማው መልካም ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ወደ አጎት ማሳ ወጣን። እነዚህ ሜዳዎች ከባሌ ጋር ሆነው የሀገሪቱን የስንዴ ቀበቶ የሚሠሩ ናቸው፤ ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የኩሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያዎች የሚወጡበት ነው። በመኸር ወቅት ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ እየተዘዋወሩ በኩንታል ዋጋ ተስማምተው ያጭዳሉ። ገበሬው ወረፋውን ይጠብቃል፤ ወረፋው ካለፈው ማሽኑን መልሶ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የአጎት ወረፋ ደርሶ ነበር። ኮምባይነሩ ሦስት ዙር እንደሄደ ቆመ። ሞተሩ ይሠራል፤ መቁረጫው ግን አልዞር አለ። ኦፕሬተሩና ረዳቱ ከሥር ገብተው ቺንጊያውን አዩ፤ ደህና ነው። ዘይቱን አዩ፤ ደህና ነው። መዶሻ ወጣ፣ መፍቻ ወጣ፣ ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በጭላሎ ላይ ደግሞ በታኅሣሥ መታየት የማይገባው ጥቁር ደመና መቆለል ጀመረ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ዘለላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ አኮ በቅጠል ሸፍነው የሚሹት ብቅል ማሳ ላይ ሲመጣ የዓመት ልፋት ማጣት ነው። አጎት ምንም አልተናገረም። አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ማሽኑን ያያል።

አዳማ ተደውሎ የመጣው ቴክኒሻን ሦስት ሰዓት ፈጀበት። የሠላሳ ዓመት ሰው ቢሆን ነው፤ ትንሽ ቴስተርና ላፕቶፕ ይዟል። ሁሉም ሰው ከሥር ሲያመለክተው እሱ ወደ ላይ ወጣ። ኦፕሬተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «ስትቀመጥ መብራቱ ይጠፋል?» ከዚያ ወንበሩን ፈትቶ አነሣው።

ዘመናዊ ኮምባይነር ወንበሩ ሥር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሰው ከወንበሩ ከተነሣ መቁረጫው እንዲቆም የተደረገው እጅና እግር እንዳይቆርጥ ነው። የዚህ ማሽን ማብሪያ በአቧራና በንዝረት ሽቦው ተበጥሶ ነበር። ኦፕሬተሩ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ግን አያውቅም።

«ሰው የለም ብሎ አምኗል» አለ ቴክኒሻኑ ለእህቴ ልጅ፣ የተበጠሰውን ጫፍ እያሳያት። «ብረቱ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ወሬ አቀባዩ ነው።»

ሽቦው ተቀጠለ፣ መቁረጫው ዞረ፣ አጎት ሲተነፍስ ሰማሁት። ደመናው ላያችን ላይ ትንሽ አካፍቶ ወደ ቦቆጂ አለፈ። ማጨዱ በመኪና መብራት እስከ ምሽት ቀጠለ።

ቴክኒሻኑ ሻይ እስኪጠጣ ልጅቷ አልለቀቀችውም፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። በሙያ ማሠልጠኛ አውቶ መካኒክ ተምሯል፤ ኤሌክትሮኒክሱን በራሱ፣ በስህተትና በወጪ ነው የተማረው። «መካኒኩ ሽቦ ይፈራል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ግሪስ ይጠላል። እኔ መሐል ላይ ስለቆምኩ ነው እንጀራ የምበላው» አላት። ሜካትሮኒክስ ማጥናት እንደምትፈልግ ስትነግረው ግን ሙገሳ አልሰጣትም። ሁለት ነገር ጠየቃት፦ ሒሳብ ትወጃለሽ? ከጥፍርሽ የማይለቅ ግሪስስ? «ሒሳቡን ከጠላሽ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቆሚያለሽ። ግሪሱን ከጠላሽ ደግሞ ተመርቀሽ ቢሮ ትፈልጊያለሽ፤ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ኮምባይነር አይበላሽም።»

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለልጅዎ ያቅርቡ፤ ከብዙ የምክር ወረቀት ይሻላሉ።

ሌላውንም በግልጽ ልንገርዎ። ስሙ እኛ አገር ሁልጊዜ «ሜካትሮኒክስ» ተብሎ አይጠብቅዎትም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዘመዱ በኤሌክትሮመካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። መካኒካል አጥንቶ ኮንትሮልንና ፕሮግራሚንግን አጥብቆ በመያዝ፣ ወይም በኤሌክትሪካል ገብቶ ከማሽን ጋር በመዋል እዚያው ሥራ ላይ የሚደርሱም አሉ። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከብሔራዊው ፈተና ሌላ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና ስላላቸው ቀኑን ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በአብዛኛው የምህንድስና ትምህርት የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። መግቢያውም ቀልድ አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ዲግሪው ብቸኛው በርም አይደለም፤ ያን ቀን ስንዴውን ያዳነው በሙያ ማሠልጠኛ የወጣ ሰው ነው። አሰላ ውስጥ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ፤ ኩሉምሳ ላይም በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር የግብርና ማሽን ባለሙያዎች የሠለጠኑበት ማዕከል አለ። ማሽን የሚያዝባቸው ቦታዎች ከአዲስ አበባ ፎቆች ውጭም ናቸው።

እሑድ ጠዋት ከከተማው ምዕራብ ወዳለው ከፍታ ወጣን። አየሩ ከጠራ ስምጥ ሸለቆው ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል፤ ከሩቅ የዝዋይ ሐይቅ እንደ ተጣለ ብር ይብለጨለጫል። ሁለት ወጣቶች ቱታ ለብሰው በሩጫ አለፉን። እዚህ ይህ የዘወትር ነገር ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚሁ በአሰላ አካባቢ ተወልዶ ነው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለስ የነበረው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ቦቆጂም በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ናት።

«የኃይሌ አባት ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር፤ እንዲማር ነው የፈለጉት» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

የእህቴ ባል ነገሩ ገባው። «አንድ ኃይሌ ከስንት ሯጭ ነው የወጣው?» አለ። «የቀሩትን ማን ይቁጠራቸው? እኔ እኮ የምፈራው የቀሩትን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ትክክል ነው። ልጅን «ልብሽን ተከተዪ» ብሎ መላክ ቀላል የሚሆነው የቤት ኪራይዋን ለማይከፍል ሰው ነው።

ልጅቷ ግን ዝም አላለችም። «አባዬ፣ ትላንት አጎቴ ሰማዩን ሲያይ አይተኸዋል? ሐኪም ቢጠራ ምን ያደርግለት ነበር?»

«ሰው ሲታመምስ መካኒክ ምን ያደርጋል?»

«የሆስፒታሉን ማሽን ይጠግናል።»

አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከቆምንበት ሩቅ አይደለም። አባት ወደዚያ አቅጣጫ አየ፤ ፈገግ ማለቱን ግን ደበቀው።

መልስ ጉዞው ላይ አኮ በላስቲክ ያሰሩልን ጭኮ ጭኔ ላይ ነበር። ኢተያን ስናልፍ አባት ዳኝነቱን ሰጠ፤ «መጀመሪያ ነጥቡን አምጪ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ነጥቡ ሕክምና ቢያስገባኝስ?» አለች።

ይህ ነበር ጥያቄው። በእኛ አገር ብዙዎቻችን የተማርነውን አልመረጥነውም፤ ነጥባችን መረጠልን። ከፍ ካለ ሐኪም፣ ከዚያ መሐንዲስ፣ ከዚያ እየወረደ። እኔ ራሴ ቢዝነስ የገባሁት ነጥቤ እዚያ ስለጣለኝ ነው፤ ሥራዬን ወድጄዋለሁ፣ ግን ምን ልሆን እንደምችል ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ነጥብ ያነሰው ልጅ የሚቀረውን ይወስዳል። ነጥብ የሞላለት ልጅ ደግሞ «ይህን ሁሉ አምጥቶ እንዴት ሕክምናን ይተዋል?» ይባላል። በሁለቱም በኩል የመረጠ የለም።

አባት እስከ ዴራ አልተናገረም። ሙቀቱ መጣ፣ ሹራቦች ወለቁ፣ መስኮት ተከፈተ። አዋሽን ከመሻገራችን በፊት እንዲህ አለ፦

«ሕክምና የሚያስገባ ነጥብ አምጥተሽ ያንን ከጻፍሽ፣ የመረጥሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ያኔ አልከራከርሽም። ግን ከፈተናው በኋላ ያለውን ክረምት ጋራዥ ትውያለሽ። አንድ ወር። ግሪሱን ከቻልሽው እኔም እችለዋለሁ።»

«ሁለት ወር» አለች።

ለቤተሰብ ጉዞ አሰላን የሚያስቡ ከሆነ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይሂዱ፤ ስንዴውን ቆሞ ያገኙታል። ለማታው ወፍራም ልብስ ይያዙ። ጭኮ ሲሰጥዎት እምቢ አይበሉ። በመንገድዎ ላይ ኮምባይነር ቆሞ ካዩ ደግሞ መኪናዎን ጥግ አስይዘው ልጅዎን ይዘው ይውረዱ፤ ምን እንደተበላሸ ጠይቀው ልጅዎ ወዴት እንደሚያይ ይመልከቱ።

የእህቴ ልጅ አሁን በጥናት ላይ ናት። ጋራዡም ተገኝቷል፤ ያገኘላት አባቷ ነው።